የጎጆው ማራገቢያና የኦቦ ጉደታ ቅቤ

በጎጆ ከተማ ቅቤ ለምን እንደተፈጠረ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ኦቦ ጉደታ እሁድ ሲያስተምሩ እንቅልፍ የወሰደው ሰው መሆን አለበት። ኦቦ ጉደታ ከርዕሰ መምህርነት ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ትምህርት ቤቱን ለቀቁ እንጂ ማስተማሩን አልለቀቁም። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ርዕሱ ምንም ይሁን ምን፣ መንገዱን አጣመው ወደ ቅቤ ይመጣሉ። «ቅቤ ለወጥ ነው፤ ቅቤ ለሰው አናት ነው፤» ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፤ «ለዛፍ፣ ለድንጋይ፣ ለአዲስ ቤት ምሰሶ ግን አይደለም! አባቶቻችን ሳያውቁ ቀቡ፤ እኛ አውቀን እንቀባለን?» ምእመናኑ በአንድ ድምፅ «አንቀባም!» ይላሉ። ከኋላ ወንበር ያሉት አሮጊቶችም ይላሉ፤ ድምፃቸው ብቻ ትንሽ ዝግ ይላል።

ይህንን የሚያስተምሩት ሰው በ2011 ዓ.ም. መስከረም፣ አንድ ዓርብ አመሻሽ ላይ፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ በኮታቸው ኪስ ይዘው፣ ግራ ቀኝ እያዩ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የጎን በር ሲገቡ ታዩ ቢባል ማንም አያምንም። ደግነቱ አልታዩም። ምን ሊያደርጉ እንደገቡ ለመናገር ግን መጀመሪያ ስለ ማራገቢያው ማውራት ያስፈልጋል።

ማራገቢያ ያሉት እሳቸው ናቸው። አምቦ ላይ መካኒካል ምህንድስና የሚያስተምረው ልጃቸው ሞቲ የነፋስ ተርባይን ነው የሚለው። ሞቲ ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጫፍ ባለው ኮረብታ ላይ ረጅም የብረት ምሰሶ ተክሎ ሦስት ነጫጭ ክንፎች ያሉት መሣሪያ የሰቀለ ዕለት፣ አባቱ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው አንድ ጊዜ ዞሩትና፣ «የሰው ልጅ ተምሮ ሐኪም ይሆናል፣ ዳኛ ይሆናል። የኔው ጎጆ ላይ ማራገቢያ ተከለ! ምነው፣ ብርዱ አነሰን?» አሉ። ሰው ሁሉ በሳቅ ሞተ። ጎጆ ማለት በቀትር ጋቢ ደርቦ የሚሄድን ሰው አሞህ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የሌለበት አገር ነው። ሞቲም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። ስሙም በዚያው ጸና፤ እስከ ገበያው ድረስ ማራገቢያ ሆነ።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ኤቢሴ ግን አልሳቀችም። የጎጆ መብራት ደስ ባለው ጊዜ መጥቶ ደስ ባለው ጊዜ የሚሄድ ስለሆነ፣ የክትባት ፍሪጁ በጠፋ ቁጥር ክትባቱን በበረዶ ሣጥን አድርጋ በሞተር ብስክሌት ማመላለስ የእሷ ዕዳ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ለማያውቀው ደግሞ፣ በዚያ መንገድ ላይ እንቁላል ይዞ የተነሳ ሰው የተመታ እንቁላል ይዞ ይደርሳል ማለት ይበቃል። ማራገቢያው ከተተከለ ወዲህ ግን ፍሪጁ ነፋስ እየበላ በጋውን ራሱን ችሎ አሳለፈ።

አንድ ቀን ኦቦ ጉደታ ለወገባቸው መድኃኒት ሊወስዱ ሄደው ወረፋ ሲጠብቁ፣ ኤቢሴ ፍሪጁን ከፍታ ብልቃጥ አወጣችና አንዲት አራስ ያቀፈችውን ሕፃን ጭኑ ላይ ወጋችው። ሕፃኑ ጤና ጣቢያውን በጩኸት አናጋው። «አይዞህ የኔ ጌታ፣» አለችው፤ «ይኼን መድኃኒት ያቆየልህ የሞቲ ነፋስ ነው።» ኦቦ ጉደታ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ዓይናቸው ውስጥ የገባውን ነገር በመሀረባቸው ጠረጉና መድኃኒቱን ሳይወስዱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እንደደረሱ ለልጃቸው ደወሉ። የሚናገሩት ቃል ጉሮሯቸው ድረስ መጥቶ ነበር። «ሄሎ፣ አባ!» ሲላቸው ግን፣ «አምቦ ይዘንባል?» አሉት። «አይ፣ አባርቷል።» «ጥሩ ነው፤» አሉና ዘጉት። ዕድሜ ልካቸውን በሰንደቅ ዓላማ ሥር ቆመው ትምህርት ቤት ሙሉ ተማሪ ሲገሥጹ የኖሩ ሰው፣ ለገዛ ልጃቸው አንዲት ዓረፍተ ነገር አጠረቻቸው።

ችግሩ ክረምቱ ነበር። በበጋ የጎጆ ነፋስ ባርኔጣ አይደለም ባለባርኔጣውንም ይወስዳል፤ ክረምት ሲገባ ግን ጉሙ ይወርድና ነፋሱ ይደክማል። ክንፎቹ ቆመው ዝናብ ይመታሉ፣ ፍሪጁ ይጠፋል፣ ኤቢሴ ሞተሯን ታስነሳለች። መሣሪያውን ያመጣው ፕሮጀክትም የመጨረሻ ቃሉን ላከ፤ በትንሽ ነፋስ የማይዞር ከሆነ ተነቅሎ ወንጪ ይሄዳል፣ እዚያ የሚጠብቁት አሉ። ሞቲ መፍትሔ አለኝ ብሎ ስለተሟገተ አንድ ሙከራ ተፈቀደለት። የኤቢሴ ፍሪጅና የሞቲ ስም በዚያች ሙከራ ላይ ተንጠለጠሉ። የኦቦ ጉደታም ልብ አብሮ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ይህንን ግን ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

ሙከራው ቅዳሜ ሊሆን፣ ሞቲ ዓርብ ዕለት ከባልደረባው ከዶክተር ሰምሃል ጋር መጣ። ሰምሃል የመቀሌ ልጅ ናት፤ ፕሮጀክቱ ውጤቱን እንድትመዝን የመረጠው እሷን ነው። ለሞቲ ጓደኛው ናት፤ ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን ጓደኛ የላትም። ኦቦ ጉደታ «አካም ቡልተን፤ እንዴት አደርሽ? መንገዱ እንዴት ነበር?» ቢሏት፣ ኪሎ ሜትሩን ለሰዓቱ አካፍላ ነገረቻቸው። ወዲያው ወደዷት።

ክንፎቹ ከምሰሶው ወረዱ። ዝናብ እንዳያገኛቸው በአዳራሹ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ጎን ለጎን ተጋደሙ፤ አንዱ በበሩ በኩል፣ አንዱ መሀል፣ አንዱ በመድረኩ በኩል። ሞቲ በአልኮል አንድ በአንድ ወለወላቸው። ከዚያ ከቦርሳው እፍኝ የሚሞሉ፣ ባለሦስት ማዕዘን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህሉ የፕላስቲክ ቁራጮች አወጣ። የተሰበሰበው ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ይህን ሁሉ መንገድ የመጡት ይኼንን ይዘው ነው?

ለሰምሃል ሲባል ወሬው ሁሉ በአማርኛ ነበር። «ነፋሱ በክንፉ ጀርባ ላይ ሲሄድ መሀል መንገድ ላይ ይደክመውና ክንፉን ለቆ ይበተናል፤» አለ ሞቲ። «የለቀቀ ነፋስ ደግሞ ክንፉን አያነሳም። እነዚህ ጥፍሮች ከክንፉ ግንባር አለፍ ብለው ይቆሙና፣ ነፋሱን እያማሰሉ መልሰው ከክንፉ ጋር ያጣብቁታል። ያን ጊዜ በትንሽ ነፋስም ይዞራል።»

ኦቦ ጉደታ በራሳቸው መንገድ ተረዱት። ነፋሱ ከክፍል ሾልኮ የሚወጣ ተማሪ ነው፤ ጥፍሮቹ በር ላይ የቆሙ የክፍል አለቆች ናቸው። «ታዲያ ይኼን ከመጀመሪያው እንዲህ ብለህ አታስረዳንም?» አሉ፣ እሳቸው ያስረዱት ይመስል።

«ጠዋት ብርሃን ሲሆን እንለጥፋቸዋለን፤» አለ ሞቲ። «እስከዚያ ማንም እንዳይነካቸው። ጣት ያረፈበት ቦታ ላይ እንኳ ማጣበቂያው አይዝም። ማንም!»

«ማንም!» ሲል ደገመ ወንጌላዊ ሮባ ከኋላ። ሮባ ወጣት ነው፤ በቅቤ ጉዳይ ከኦቦ ጉደታ ይልቅ የሚያከርር እሱ ነው። ሁሉም ራሱን ነቅንቆ ለራት ወጣ። የአዳራሹን ትልቅ በር ኦቦ ጉደታ ቆለፉ። የጎኑ በር ግን ቁልፉ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ ሽማግሌዎቹ ይጠገን ብለው በየስብሰባው ይወስናሉ።

ትንሽ ቆይቶ ኦቦ ጉደታ መስኮት ረሳሁ ብለው ተመለሱ። መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ነበሩ።

በበሩ በኩል ባለው ክንፍ ፊት ቆሙ። ተሰቅሎ ሲያዩት ትንሽ የነበረው ነገር፣ ተጋድሞ ሲያዩት ሁለት ሰው ያህል ይረዝማል። ልጃቸው ነው የሠራው። ይህንን ሲያስቡ ያ ቃል እንደገና ጉሮሯቸው ላይ መጥቶ ቆመ። አባታቸውም ቃል አይሆንላቸውም ነበር። አዲስ ሞፈር ሲጠረብ፣ ጎተራ ሲቆም፣ እሳቸው ራሳቸው በልጅነታቸው ወደ አስኳላ ሊሄዱ የተነሱ ዕለት፣ አባታቸው ምንም ሳይሉ ቅቤ ነበር የሚቀቡት። ኦቦ ጉደታ የዚያን ቀን አናታቸው ላይ ያረፈውን ሻካራ እጅ እስከ ዛሬ አልረሱትም። እጃቸው ኪሳቸው ገባ።

ከሕሊናቸው ጋር የተደራደሩት እንዲህ ነው። ሦስቱን ቢቀቡ አምልኮ ይሆናል፤ አንዱን ብቻ ከሆነ ስጦታ ነው። «ማንም» የተባለውም ለሌላው ሰው ነው፤ አባት ማንም አይደለም። ደግሞም ልጁ ያለው ጣት ነው፤ ቅቤ ጣት አይደለም። ክርክሩን በዚህ አሸነፉና ግንባሩን ፈለጉ። መፈለግም አላስቸገረም፤ የክንፉ አንዱ ጠርዝ ቀጭን ነው፣ ሌላው ግን ወፈር፣ ክብ ያለ ነው፤ ሞቲ ራሱ ግንባር ብሎታል። እሱን ይዘው ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ እያሉ ቀቡት። ከዚያ በመሀረባቸው ወደ ክንፉ ጀርባ ጭምር አሽተው፣ ዱካ አለመቅረቱን አይተው፣ ቀለል ብሏቸው ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ሞቲና ሰምሃል ጓንት አድርገው ጥፍሮቹን ከግንባሩ ጀርባ በረድፍ ለጠፉ። ብርዱ ያደረቀው ቅቤም ለጊዜው ቻላቸው። «ምን ይሸታል?» አለች ሰምሃል አንድ ጊዜ ቀና ብላ። ሞቲ ሳያቋርጥ፣ «ጎጆ ነው የሚሸተው፤» አላት።

ክንፎቹ ተሰቀሉ። ቀኑ የገበያ ቀን ነውና ኮረብታው በሰው ተሞላ። ከወረዳ የመጡ እንግዳም ወንበር ተሰጣቸው፤ አንድ ብርጭቆ አምቦ ውሃ ተቀዳላቸው። ነፋሱ ደካማ ነበር፤ በሌላ ቀን ቢሆን ክንፎቹ ንቅንቅ አይሉም። ሞቲ ማቆሚያውን ለቀቀ። ክንፎቹ ትንሽ አሰቡ፣ አንድ ጊዜ ዞሩ፣ ደገሙ፣ ከዚያ እየፈጠኑ ሄዱ። እልልታው ቀለጠ። ሰምሃል መለኪያዋን አየችና አንድ ቅንድቧን አነሳች፤ ከእሷ ይህ ብዙ ነው። ኦቦ ጉደታ ደረታቸው ተነፍቶ ኮታቸው ጠበባቸው። «ቅቤው ነው፤» አሉ በልባቸው፤ ወዲያው ደግሞ ሽማግሌ መሆናቸው ትዝ አላቸውና፣ «እግዚአብሔር ነው፤» ብለው አረሙ።

ከዚያ ፀሐይ ወጣች።

የመጀመሪያው ጥፍር የእንግዳው ብርጭቆ ውስጥ ገባ። እንግዳው የሎሚ ቁራጭ መስሏቸው በጣታቸው አወጡት፣ አገላብጠው አዩት፣ አክብረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ሁለተኛው የኤቢሴ ትከሻ ላይ አረፈ። ከዚያማ ዘነበ። ሰው እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ተበታተነ። ከገበያው የሚነሳው አቧራና ገለባ ደግሞ ወዛም ቦታ አገኘና በክንፎቹ ግንባር ላይ ተለጠፈ። ክንፎቹ ዘገዩ፣ ከበዱ፣ ቆሙ። ከቀድሞውም ባሱ።

ሞቲ ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ጥፍሮቹን ይለቅም ጀመር። ኦቦ ጉደታም ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና አንዱን አነሱ። ማጣበቂያ ያለበትን ፊት በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሙልጭልጭ አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባቸው። ጥፍሩን በኮታቸው ጠርገው ለልጃቸው ሰጡት። «ገለቶማ፣ አባ፤» ብሎ አመሰገናቸው። ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

አንድ ነገር ግን አልገባቸውም። እሳቸው የቀቡት አንዱን ክንፍ ነው፤ ጥፍሮቹ የረገፉት ከሦስቱም ነው። ያቺ ጥቂት ቅቤ እንዴት ለሁሉም ደረሰች? ቅቤዋ በኃጢአታቸው ብዛት የበረከተች መሰላቸው።

ራት ላይ ሰምሃል ቁጥሮቿን ታያለች፣ ሞቲ እንጀራውን ይቆርሳል እንጂ አይጎርስም። ባለቤታቸው አዴ መንበረ ያቀረቡት ወጥ ላይ ጠብታ ቅቤ አልነበረም። በዚያ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም፤ ይሁንና ኦቦ ጉደታ ምክንያቱን አልጠየቁም። ለራት የተጋበዘው ወንጌላዊ ሮባም ዓይኑን ከሳህኑ አላነሳም፤ እሱም አልጠየቀም።

እሁድ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ለፋሲካ ብቻ የሚመጡት እንኳ መጥተው ነበር። ከመዝሙሩ በኋላ ሞቲ ፈቃድ ጠይቆ ወደፊት ወጣ።

«ኮረብታውን ሰጣችሁኝ፤ ምሰሶውን አብራችሁኝ ጎተታችሁ፤» አለ። «ሙከራው ግን ወድቋል። ጥፋቱ የኔ ነው። ማጣበቂያውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ የጎጆን ብርድ አልቻለም። ነገ መሣሪያው ይነቀላል። ሲስተር ኤቢሴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ።» ኤቢሴ አንገቷን ደፋች። ሞቲ ሊያስቅ ሞከረ፤ «አባ ከመጀመሪያው ነግረውኝ ነበር፤ ጎጆ ማራገቢያ አያስፈልጋትም ብለው።»

ማንም አልሳቀም።

ኦቦ ጉደታ ራሳቸውን ቆመው አገኙት። እግራቸው ነው የተነሳው፤ እሳቸው ገና እየወሰኑ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠርገው በኦሮምኛ ተናገሩ፤ አጭር ነበር። አንዲት አሮጊት «ያ ዋቅ!» ብለው አምላካቸውን ጠሩ።

«ምን አሉ?» ብላ ሰምሃል ጎኗ ያለችውን ኤቢሴን ጠየቀች። ኤቢሴ አፏን በእጇ ይዛ መልስ መስጠት አልቻለችም። ስለዚህ ኦቦ ጉደታ ንስሐቸውን በአማርኛ መድገም ግድ ሆነባቸው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብድ ነበር።

«ቅቤ ቀብቻለሁ ነው ያልኩት። እኔ፣ ጉደታ። ዛፍ አትቀቡ እያልኩ ስጮህ የኖርኩት ሰውዬ፣ ዓርብ ማታ ገብቼ ክንፉን ቀባሁት። ማጣበቂያው ብርድ ፈርቶ አይደለም። ቅቤ ላይ ማን ይቆማል?»

ሞቲ አባቱን እንደማያውቃቸው ሰው አያቸው። «ለምን፣ አባ?»

ኦቦ ጉደታ ኮፍያቸውን በእጃቸው አዞሩ። ቃሉ መጥቶ የተለመደ ቦታው ላይ ቆመ። በዚህ ጊዜ ግን ስለ ዝናብ የሚጠይቁት ነገር አልነበረም።

«ኮርቼብህ ነው፤» አሉ። ራሳቸው ደነገጡ። «ማራገቢያ እያልኩ ያላገጥኩበት ነገር ለሕፃን መድኃኒት ሲያቆይ አየሁ። ልነግርህ ደወልኩ፤ አፌ እንቢ አለኝ። አባቴም እንዲሁ ነበር፤ መናገር ሲያቅተው ይቀባ ነበር። እኔም ተማርኩ አልኩ እንጂ የተሻልኩት ነገር የለም። ሥራህን አበላሸሁብህ። ይቅር በለኝ።»

ሰምሃል እንደ ተማሪ እጇን አወጣች።

«ኦቦ ጉደታ፣ የቀቡት የትኛውን ክንፍ ነው?»

«በበሩ በኩል ያለውን።»

«ሌሎቹንስ?»

«ኧረ አንዱን ብቻ ነው! ሦስቱን ከቀባሁማ አምልኮ ሆነ እኮ!»

«ጥፍሮቹ የረገፉት ግን ከሦስቱም ነው፤» አለች ሰምሃል። «እኩል።»

አንድ ሰው ሳለ። ከሴቶቹ ወንበር አዴ መንበረ ቀስ ብለው ተነሱ፤ የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገዋል። «መሀለኛው የኔ ነው፤» አሉ።

«አንቺ!» አሉ ኦቦ ጉደታ።

«ምን አንቺ ይሉኛል? ጎህ ሲቀድ አዳራሹን ልጠርግ ገባሁ፤ ነጭ ለብሶ ተጋድሞ ሳየው አንጀቴን በላኝ። ልጄን የተወለደ ቀን ቀብቼው የለም? ማንም አይንካ ሲልም እናቱን ማለቱ አልመሰለኝም።»

ኦቦ ጉደታ ሊገሥጿቸው ጣታቸውን ቀሰሩ፤ ጣቱ ግን ቅቤ የቀባው ጣት ነበርና መልሰው አጠፉት። አሁን አንድ ክንፍ ቀረ። ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ጣት ያይ ጀመር። ያን ጊዜ ወንጌላዊ ሮባ ብድግ ብሎ፣ «እንግዲህ ሁላችን ተነስተን በመዝሙር...» አለ። የተነሳ የለም። ሮባ መዝሙሩን ጀመረ፣ ብቻውን መሆኑን አወቀ፣ ድምፁ እየሳሳ ሄዶ ተቋረጠ፤ ቀስ ብሎም ተቀመጠ።

«እናቴ ናት የላከችኝ፤» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት የኋላ ወንበር አሮጊቶች ናቸው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ ሳቀ፤ ሞቲም ሆዱን ይዞ ወንበር ላይ እስኪወድቅ ሳቀ፤ በዚህ ጊዜ ሳቁ ከጥርሱ አልፎ ነበር። ሰምሃል ብቻ ጠበቀች፤ ዝም ሲሉላት ተነሳች።

«እንግዲያው ሙከራው አልወደቀም፤ አልተደረገም። ቅዳሜ የሞከርነው ቅቤ ነው፤ ቅቤ ወድቋል። ጥፍሮቹ ገና አልተሞከሩም። ለፕሮጀክቱ ይደገም እላለሁ።»

ሰኞ ዕለት ፕሮጀክቱ በስልክ ፈቀደ፤ ክንፎቹ ወረዱና ሦስቱ ጥፋተኞች እጅጌያቸውን ሰብስበው የየራሳቸውን ክንፍ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠቡ። ሰምሃል ከኋላቸው እየሄደች ትመረምራለች። የሮባን ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ማታ በአልኮል ተወለወሉ፤ የሽማግሌዎች ስብሰባ ስንት ጊዜ የወሰነበት የጎን በር በዚያው ዕለት በሚስማር ተመታ። የትልቁ በር ቁልፍ ሰምሃል ኪስ አደረ።

ማክሰኞ ነፋሱ ከቅዳሜውም የባሰ ደካማ ነበር። ጥፍሮቹ ተለጠፉ፣ ክንፎቹ ተሰቀሉ፣ ማቆሚያው ተለቀቀ፣ መዞር ጀመሩ። እልል ያለ የለም፤ ሁሉም ፀሐይዋን ነበር የሚጠብቀው። ፀሐይ ስትወጣ የወረዳው እንግዳ አምቦ ውሃቸውን በመዳፋቸው ከደኑ። ክንፎቹ ዞሩ። አሁንም ዞሩ። ከሰማይ የወረደ ነገር የለም። ሰምሃል መለኪያዋን ደጋግማ አየችና፣ «በፊት ከሚያስፈልገው ባነሰ ነፋስ ነው የተነሳው። እዚሁ ይቆያል፤» አለች። ኤቢሴ ቁልቁል ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች፤ ትንሽ ቆይታ በመስኮቱ ሁለት እጇን እያውለበለበች፣ «ፍሪጁ በራ!» ብላ ጮኸች። እልልታው ያን ጊዜ መጣ።

በዚህ መሀል ኦቦ ጉደታ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ያወጡት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ነው። እልልታው በአንድ ጊዜ ቆመ። ቅጠሉን እየፈቱ ወደ ምሰሶው መራመድ ጀመሩ።

«ኦቦ ጉደታ!» ብላ ጮኸች ሰምሃል። ሮባ ዓይኑን ጨፈነ።

ኦቦ ጉደታ ምሰሶውን አልፈው ሄዱ፤ እንኳን ሊነኩት ቀና ብለውም አላዩት። ሞቲ ፊት ሲደርሱ ቆሙ። «ቅቤ ለሰው አናት ነው ብዬ አላስተማርኩም?» አሉት። ሞቲ የሥራ ቆቡን አወለቀና አንገቱን ደፋ። አባቱ ቅቤውን አናቱ ላይ አድርገው ቀስ እያሉ አሹት። እጃቸው እንደ አባታቸው እጅ ሻክሯል። «ኮርቼብሃለሁ፤» አሉት፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቀለለ። የሞቲ ትከሻ ተንቀጠቀጠ። ይሳቅ ያልቅስ፣ አጠገቡ የቆሙት አባቱ ብቻ ናቸው የሚያውቁት፤ እሳቸውም ለማንም አልተናገሩም።

ከሰዓት በኋላ እንግዶቹን ወደ አምቦ የሚወስደው ሚኒባስ ሊነሳ ሲል ኦቦ ጉደታ በመስኮቱ በኩል ቆመው ይሰናበቱ ነበር። በዚያ ብርድ ላይ ሰምሃል መስኮቱን እስከ ጫፉ ከፈተችው።

«ምን ይሸታል?» አለች ሞቲን፣ አፍንጫዋን ይዛ።

«ጎጆ ነው፤» አላት ሞቲ። አናቱን አልጠረገውም።